በከበሮ የተቆጠረ ከረንት

ሰሞኑን ቬንቲሌተራችን ተቃጠለ። በጋምቤላ ሙቀት ያለ ቬንቲሌተር መኖር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ ለሚያውቅ ደግሞ ማስረዳት አያስፈልግም። ባለቤቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ አስተምሬ አንዲት ትንሽ ሞተር መጠገን እንዳቃተኝ ለጎረቤቱ ሁሉ ካሰማች በኋላ፣ ቬንቲሌተሩን አሸክማ ከቤት አስወጣችኝ። እኔና ቬንቲሌተሩ ባጃጅ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከገበያው ጀርባ የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ እንደገና የሚጠቀልል ሰው ዘንድ ሄድን። ሰውዬው ክዳኑን ፈታ፣ የጠቆረውን የመዳብ ሽቦ ቆርጦ ከብረቱ ውስጥ መዝዞ ሲያወጣው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ፊቴ ላይ መጣ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ሲይዝ እኔ ጠጋ ብዬ ሳብ አደረግሁት። «አባባ፣ ራቅ ይበሉ እንጂ! ይህ ነገር ለጤና ጥሩ አይደለም» አለኝ ሰውዬው። ምን ላድርግ? አንዳንዱ ሰው ወጣትነቱን የሚያስታውሰው በሽቶ ነው፤ የእኔ ዕጣ የተቃጠለ ሽቦ ሆነ።

ወደዚህ አገር ስመጣ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ቀጫጫ መምህር ነበርኩ። ከላይ ጠባብ፣ ከታች ግን መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ለብሼ፣ ጸጉሬን እንደ ጎመን አጎፍሬ፣ በጭነት መኪና ቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነው ከደጋው የወረድኩት። ሹፌሩ ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሱሪዬን አየት አደረገና «መምህር፣ ይህን ያህል ትርፍ ጨርቅ ውስጥ ስንት የወባ ትንኝ ልታስጠልል አስበህ ነው?» አለኝ። ያኔ የጋምቤላ ከተማ ባሮ ድልድይ ላይ ቆመህ ከዳር እስከ ዳር በዓይንህ የምትጨርሳት ነበረች። ዛሬ ባጃጆች ተሰልፈው የሚጨቃጨቁበት ማዕዘን ላይ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበረ፣ ከሥሩ ሻይ ቤት። የሻይ ቤቱ ሬዲዮ አንቴናው ተሰብሮ በልብስ መስቀያ ሽቦ ተተክቶለት፣ ከሰዓት በኋላ ከካርቱም የሚመጣ የዑድ ዜማ ያሰማን ነበር። ቃሉ የገባው ሰው ባይኖርም ሁላችንም እናንጎራጉር ነበር። የባሮ ዓሣ በሳንቲም ነው። ማንጎማ ዋጋም አልነበረውም፤ ለሻጯ አንድ ብር ስታሳያት «ጆንያ ይዘሃል ወይ?» ትልሃለች። ዛሬ የእርዳታ መኪናዎች ወደ ኢታንግና ወደ ኩሌ የሚከንፉበትን መንገድ እኛ በብስክሌት፣ እየወደቅን እየተነሣን ነበር የምንሄድበት። ጀዊም ያኔ የስደተኞች ካምፕ አልነበረም፤ ሣሩ ሰው ይውጥ ነበር። አሁን ሳልፍ ያንን ሁሉ ቤትና ሰው አይና የቱ ጋ ጎማዬ እንደፈነዳ ለመለየት እሞክራለሁ፤ አልቻልኩም።

ትምህርት ቤታችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ የነበረው በጭንቅ ነው። ተማሪዎቹ በአንድ ክፍል የሚሞሉ ብቻ ነበሩ፤ ቤተ ሙከራ የምንለው ደግሞ አንድ ቁም ሣጥን ነበር፣ ያውም እንሽላሊት የወረሰው። በዚህ መሀል ከደጋ አንድ ወሬ መጣ፦ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ይህን ክፍል መያዝ ስለማይገባው ተማሪዎቹ ደጋ ላይ ወዳለችው ጎሬ ከተማ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ መጥቶ የሚያይ ተቆጣጣሪም ይላካል። ወንዶቹ ጎሬ ቢርቅም አይቀሩም፤ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። የጨነቀኝ ለአሪየት ነበር። አሪየት የክፍሉ ብቸኛ ሴት ተማሪ ነበረች፣ የአኙዋ ልጅ፣ ረጅም፣ ሒሳብ ላይ እኔን ራሴን የምታፋጥን፣ በጭፈራ ደግሞ ሰፈሯን የምታስጠራ። አባቷ ኡጁሉ ባሮ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ወሬውን እንደሰማሁ ወንዙ ዳር ድረስ ሄጄ፣ ክፍሉ ቢዛወር ልጁን ይልካት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ጋምቤላ ካለ ትማራለች» አለኝ፤ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ለሁሉም ሰው አንተ ነው። «ጋምቤላ ከሌለ ይበቃል። እዚያ ላይ ማን አለ? አንተ ቲቸር፣ እዚያ ላይ እኔ ማንን አውቃለሁ? ልጅ ለማያውቁት ሰው አይሰጥም።» ለመንኩት፣ ሞገትኩት። በትዕግሥት ሰማኝና ትልቅ ዓሣ ሰጥቶ ሸኘኝ። እምቢታውም ዓሣውም በእጄ ቀረ። ክፍሉ ከሄደ የእሷ ትምህርት በዚያው ያበቃል ማለት ነው፤ ይህን እሷም እኔም እናውቅ ነበር።

ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ቤተ ሙከራ ልናሳየው ቆረጥን። ከተማዋ መብራት የምታገኘው ማታ ማታ ከጄኔሬተር ሲሆን፣ ከጄኔሬተሩ ቤት ጀርባ ሣር የበቀለበት አንድ የተጣለ ትራንስፎርመር ነበረ። የጄኔሬተሩን ኃላፊ ሻይ ጋብዤ አስፈቀድኩ። ተማሪዎቼ በገመድ አስረው፣ ከሥሩ ግንድ እያንከባለሉ፣ በአኙዋኛም በኑዌርኛም በአማርኛም እየዘፈኑ ጎተቱት፤ የከተማው ሕፃን ሁሉ ከኋላ ተከተለ። ክፍል ውስጥ ካስገባነው በኋላ አንደኛው ጥቅል ሽቦ ተቃጥሎ ስላገኘነው በመጋዝ በጣጥሰን አወጣነው። ያ ሽታ ያን ቀን ክፍላችንን ሞላው፣ ሱሪዬ ውስጥም ገባ፤ ስንት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀ። ሁለተኛው ጥቅል ግን ደህና ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ለማያውቅ ሰው ይህን ይመስላል። በብረት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ግትር ነው። ከረንት ሲገባበት እሺ የሚለው ቀስ ብሎ ነው፤ ሲወጣበትም እንዲሁ። ባትሪውን ለይተህ የሽቦውን ሁለት ጫፎች ከረንት በሚያግድ ሬዚስተር በኩል ብታገናኛቸው ከረንቱ ድርግም ብሎ አይጠፋም፤ ጥቅሉ ባጠራቀመው ኃይል እየገፋው ይቆይና እየከሰመ ይሄዳል። አከሳሰሙም ሕግ አለው። ብዙ ሲኖር ብዙ ይቀንሳል፣ ጥቂት ሲቀር ጥቂት ይቀንሳል። በወረቀት ስትስለው መጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ ከዚያ ቀስ እያለ የሚተኛ ጎባጣ መስመር ይሆናል። በተራ የትምህርት ቤት ጥቅል ይህ ሁሉ ዓይንህን ሳታርገበግብ ያልቃል። የእኛ ትራንስፎርመር ግን ስፍር ቁጥር የሌለው ዙርና ወፍራም ብረት ስለነበረው ከረንቱ ቶሎ አይሞትም፤ ከረንት የሚለካው የአምሜትር መርፌ እያየነው ይወርዳል። የልጅ ልጄ ባለፈው ይህንኑ መስመር በስልኳ ላይ በጣቷ ነካ አድርጋ አወጣችውና «አየህ አያ፣ እንዲህ ነው» አለችኝ። አየሁ፣ ቆንጆ ነው። እኛ ግን ለዚያች መስመር ትራንስፎርመር ጎትተናል ብዬ ልነግራት ስል ወደ ሌላ ነገር አልፋለች።

ችግሩ ሰዓት ነበር። የእጅ ሰዓቴ ሴኮንድ ቆጣሪዋ ተነቅላ በመስታወቱ ውስጥ እንደ ሰነፍ ትል ወዲያ ወዲህ ትንከራተት ነበር። በከተማው የሚዋስ ሰዓት ፈልገን አጣን። ያኔ ኡኬሎ «ቲቸር፣ ከበሮ አለ አይደል?» አለ። ኡኬሎ ከተማሪዎቼ አንዱ ሲሆን በየሰፈሩ ጭፈራ ከበሮ እንዲመታ የሚለመን፣ ሳይለመንም የሚሄድ ነበር። ሐሳቡ ልቤን አሞቀው። እሱ እኩል እኩል ይመታል፣ ክፍሉ ምቱን ይቆጥራል፣ አሪየት በየአምስት ምቱ መርፌው ያለበትን ትጠራለች፣ እኔ ሰሌዳው ላይ ነጥብ አኖራለሁ። ሬዚስተሩን አገናኘን፣ ከጭነት መኪና የተዋስነውን ባትሪ ለየን፣ ኡኬሎ መታ። መርፌው ወረደ፣ ክፍሉ ቆጠረ፣ አሪየት ጠራች። እኔም በኩራት ነጥቦቹን አገናኘኋቸው።

ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። በማስመሪያ የተሰመረ የመሰለ፣ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር። ደገምን፤ ያው። ሬዚስተሩን ለወጥን፤ ዝንባሌው ተለወጠ እንጂ አሁንም ቀጥ ያለ ነው። መጽሐፉን ገልጬ አየሁ፣ ዘግቼ አየሁ። ኡኬሎ አጽናናኝ፦ «ቲቸር፣ መጽሐፉ የፈረንጅ ሽቦ ነው። ይሄ የጋምቤላ ሽቦ ነው።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ተቆጣጣሪው በዚያው ሳምንት ይመጣል፣ እኔ ደግሞ የተፈጥሮን ሕግ የሚያፈርስ ትራንስፎርመር ይዤ ቆሜያለሁ። ሽቦውን ሁሉ ፈትቼ አሰርኩ። ለቅዱስ ገብርኤልም ተሳልኩ፤ ምን እንደተሳልኩ ግን ለባለቤቴ እንኳ አልናገርም።

በማግሥቱ እንደገና ስንሞክር አሪየት መርፌ ማንበቡን ለሌላ ተማሪ ሰጥታ ከጥግ ቆመች። መርፌውን አልነበረም የምታየው። ስንጨርስ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሽቦው ደህና ነው። ኡኬሎ ነው።»

«ኡኬሎ ምን አደረገ?»

«መርፌውን እያየ ነው የሚመታው። እኛ ስንጨፍር መቺው የጨፋሪውን እግር ያያል። ጨፋሪው ሲሮጥ ይሮጣል፣ ጨፋሪው ሲደክም ይቀንስለታል። ጥሩ መቺ ሰው አያሳፍርም። መርፌው ሲደክም ኡኬሎ አዘነለት።»

ኡኬሎ ተቆጥቶ ብድግ አለ። «ታዲያ ጥዬው ልሂድ?» አለ። ከልቡ ነበር። መርፌው መጀመሪያ ሲሮጥ ከበሮው አብሮት ሮጧል፤ መርፌው ሲያዘግም ከበሮውም አዝግሟል። እንዲህ ከሆነ መርፌው በእያንዳንዱ ምት እኩል ወረደ ማለት ነው፤ መስመሩ ቀጥ የማይልበት ምን ምክንያት አለ? ሰዓታችን ለሚለካው ነገር ይራራ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ዓይነት የሙከራ ስሕተት አይቻለሁ፣ በደግነት የመጣ ግን ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም። ኡኬሎን ከመርፌው ጀርባውን አዙረን ፊቱን ወደ ግድግዳ አስቀመጥነው። ግድግዳ እያዩ መምታት የእብድ ሥራ ነው እያለ ቢያጉረመርምም መታ። ነጥቦቹን ሳገናኛቸው ያ መስመር ጎበጠ፤ መጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ ቀስ ብሎ ተኛ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጠመኔውን ወርውሬ ኡኬሎን ከነከበሮው አቀፍኩት። አሪየት ግን ደስታዋን የገለጠችው ሰሌዳው ላይ ሄዳ በጣቷ መስመሩን ከላይ እስከ ታች በመከተል ነው፤ ከዚያ ጣቷ ላይ የቀረውን የጠመኔ ዱቄት በቀሚሷ ጠረገች።

ተቆጣጣሪው መጣ። ሳፋሪ ልብስ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ፣ ከመኪና ሲወርድ ጀምሮ በሙቀቱ የተናደደ ሰው ነበር። ክፍል ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከበሮ ታቅፎ የተቀመጠ ተማሪ ሲያይ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ይህ የፊዚክስ ክፍል ነው ወይስ የባህል ቡድን?»

«ሰዓታችን ነው» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ኡኬሎ ጀመረ። እዚህ ላይ ያላሰብነው ነገር መጣ። በዚያ ዘመን ከበሮ ያለ ቀኑና ያለ ቦታው በጠራራ ፀሐይ ከተመታ የሰማ ሁሉ ይሮጣል፣ ወይ መጥፎ ነገር ደርሷል ወይ ድግስ አለ። ልምምዱን ያደረግነው ገበያ በማይቆምበት ቀን ነበር፤ ያን ዕለት ግን ገበያው ሞልቶ ነበር። ዓሣ ሻጮቹ፣ ሻይ ቤቱ፣ በመስኮት በመስኮት ግጥም አሉ። ከእነሱ መሀል ኡጁሉን አየሁት፤ ከወንዝ በቀጥታ ሮጦ መጥቶ መቅዘፊያው ከእጁ አልወጣም፣ ውኃ ያንጠባጥባል። ልጄ ምን ሆነች ብሎ ነው የመጣው። ልጁ ግን ከአምሜትሩ ፊት ቆማ በጠራ ድምፅ ቁጥር ትጠራለች።

መስመሩ ወጣ፣ ጎባጣ፣ እንደ መጽሐፉ። ተቆጣጣሪው ፎጣውን አወለቀ። ከዚያ እኔን ትቶ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ፣ ይህ ከረንት መቼ ነው የሚያልቀው?» ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጥያቄ ነው፤ እኔም ኮሌጅ ውስጥ ወድቄበታለሁ።

«በሒሳቡ አያልቅም» አለች አሪየት።

«አያልቅም?»

«ግማሽ ይሆናል፣ ከዚያ የግማሽ ግማሽ ይሆናል። ሁልጊዜ ትንሽ ይቀራል። መርፌው ማሳየት ሲያቅተው ነው እኛ አለቀ የምንለው።»

«ከረንቱን በመንገዱ የሚያግደውን ሁሉ እጥፍ ባደርገውስ?»

«በግማሽ ጊዜ ይወርዳል። ላሳይህ?»

«አሳዪኝ።»

አሳየችው። የምቶቹ ቁጥር በግማሽ ሲቀንስ ሰውዬው ራሱ ከክፍሉ ጋር ጮክ ብሎ ሲቆጥር ያዝኩት። እንዲያውም ነገሩ ጥሞት ከረንቱ ሳይከስም አንዱን ሽቦ በገዛ እጁ ነቀለው። ግትር ያልኳችሁ ጥቅል እንዲህ ያለ ድፍረት አይወድም፤ ቋ ብሎ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ፣ ተቆጣጣሪውም ዘልሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጣቱን ከመንዘር ሌላ ጉዳት አልነበረም። በመስኮት ያለው ሕዝብ የትምህርቱ አንድ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ኡኬሎም ሳይታዘዝ በከበሮው አጀበው።

ኡጁሉ በመስኮት በኩል ክንዴን ያዘኝ። «ምን አለ ሰውዬው?» አለኝ።

«ከባድ ነገር ጠየቃት፤ መለሰችለት።»

«ሰውዬው ትልቅ ሰው ነው?»

«ትልቅ ነው።»

«እና ሰማት?»

«አዎ፣ ሰማት።» ኡጁሉ መቅዘፊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ወንዙ ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እወድ ነበር። ተቆጣጣሪው ዓሣ በላ፣ የሁሉንም እጅ ጨበጠ፣ የአሪየትን ሁለት ጊዜ። መኪናው ላይ ሲወጣ ግን እኔን ለብቻዬ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። «መምህር፣ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ፣ ግን ነገሩ እኔ ሳልመጣ ያለቀ ነው። ክፍሉ ወደ ጎሬ ይሄዳል።» ንዴቱ እንባ ሆኖ መጣብኝ። ለተማሪዎቹ ስነግራቸው ወንዶቹ አጉረመረሙ፤ አሪየት ደብተሮቿን አንድ ላይ አሰረች፣ «እሺ ቲቸር» አለች፣ ወጣች። ያችን «እሺ» ዛሬም አልወዳትም። በዚያች ሰዓት ትራንስፎርመሩን ባሮ ውስጥ ብጨምረው ደስ ባለኝ።

በማግሥቱ ወደ ወንዙ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር፤ ጎሬ ያሉ የማውቃቸውን ቤተሰቦች በስም፣ የባለቤቶቹን ጨዋነት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅርበት፣ እኔ ራሴ በየወሩ እየሄድኩ እንደማያት፣ ሁሉንም። ኡጁሉ ከጀልባው አጠገብ መረቡን ይጠግን ነበር። ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሱ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ጎሬ ብርድ ነው ይላሉ» አለኝ።

አዲስ ሰበብ መጣ አልኩ በልቤ። «አዎ፣ ብርድ ነው» አልኩት።

ቋጠሮውን አጠበቀ፣ ትርፉን ክር በጥርሱ በጠሰ። «አንተ ቲቸር» አለ፣ «ጋምቤላ ውስጥ ብርድ ልብስ የት ይሸጣል?»

ንግግሬን እንዳለ ዋጥሁትና ተከትዬው ወደ ገበያ ወጣሁ። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ! የገባንበት ሱቅ ሁሉ ሳቀብን። ኡጁሉ ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ በዚያ ወንዝ ማዶ ሰው በሚጣራበት ድምፁ፣ «ለልጄ ነው! ጎሬ ልትማር ነው!» ይላል። መጨረሻ ላይ አንድ ነጋዴ ከመጋዘኑ ጥግ ግራጫ ብርድ ልብስ አራግፎ አወጣልንና ገዛን። ወደ ቤት የምንመለስ መስሎኝ ነበር። ኡጁሉ ብርድ ልብሱን በብብቱ ይዞ ቀጣዩ ሱቅ ገባና ብርድ ልብስ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ።